ቀለሙ ከመከፈቱ በፊት፦ አንድ ክፍል በእኛ ቤት አሠራር እንዴት ይቀባል?

"ካስቀባሁት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ግድግዳዬ ተላጠ። ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ ነው?" ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማለሁ። እኛ ቤት ቀለም ቅብ የቤተሰብ ሥራ ነው። አባቴ ጀመረው፣ ታላቅ ወንድሜ ተከተለው፣ ከዚያ እኔና እህቴ ገባንበት። አራታችንም የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ብዙ ጊዜ ቀለም የሚላጠው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው። አቧራ ላይ ከተቀባ አቧራውን ይይዛል። አቧራው ሲለቅ አብሮ ይለቃል።

ስለዚህ አንድ ክፍል ስንቀባ የምናደርገውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። ራሳችሁ ልትቀቡ ካሰባችሁ እያያችሁ ሥሩበት። ሰው የምታሠሩ ከሆነም የትኛው ደረጃ እንደተዘለለ ታውቁበታላችሁ። የማወራው ስለ ቤት ውስጥ፣ በሲሚንቶ ወይም በጂፕሰም ስለተለሰነ ግድግዳ ነው። የውጪ ግድግዳና ብረት የራሳቸው ጣጣ ስላላቸው እዚህ አልነካቸውም።

ጊዜውን አስቀድማችሁ እወቁት። መካከለኛ ክፍል ለሁለት ሰው ሦስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ቀን የመጨረሻው ቀለም ቆርቆሮ ሳይከፈት ያልቃል። ቸኩላችሁ ይህን ከቆረጣችሁ በኋላ በእጥፍ ትከፍሉታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የግድግዳ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነው፣ ፕላስቲክ ቀለም የምንለው)። ቆርቆሮው ላይ "ሊድ የሌለው" የሚል መኖሩን እዩ፤ ሊድ ለጤና ጎጂ የሆነ ብረት ነው።
- ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ)። እድፍ ላለበት ግድግዳ እድፍ የሚያግድ ዓይነት።
- ስቱኮ (ስንጥቅና ጉድጓድ መሙያ)፣ አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ ስፓቱላ
- ብርጭቆ ወረቀት፦ 100፣ 150 እና 220 ቁጥር
- ሮለር። ለለስላሳ ግድግዳ ፀጉሩ ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር፣ ለሻካራ ግድግዳ 18 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ረጅም ፀጉር ለስላሳ ግድግዳ ላይ ብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ ይተዋል።
- ጠርዝ ለማውጣት፣ ማለትም ሮለር የማይደርስበትን ዳር ለመቀባት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብሩሽ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ርካሽ ብሩሽ ፀጉሩን ግድግዳው ላይ ይጥላል፤ እየለቀማችሁ ትውላላችሁ።
- የሮለር ትሪ፣ ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ፣ የወረቀት ቴፕ፣ ወለል የሚሸፍን ሸራ ወይም ላስቲክ
- ስፖንጅ፣ የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና
- የአቧራ ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ የማይነቃነቅ መሰላል
- የእጅ ባትሪ

የመጨረሻውን ሰው ይንቀዋል። እኛ ግን ያለ ባትሪ ሥራ አንጀምርም። ምክንያቱን አሁን ታያላችሁ።

1. ግድግዳውን በእጅና በመብራት መርምሩ

መጀመሪያ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ ጫን አድርጋችሁ ጎትቱ። አባቴ አዲስ ቤት ሲገባ ከባለቤቱ ጋር ሰላም ብሎ ቀጥሎ የሚያደርገው ይህንን ነው። ከዚያ መዳፉን ገልብጦ ያሳያል። ነጭ ዱቄት ከያዘ አሮጌው ቀለም ወይም ኖራ ተፈርፍሯል ማለት ነው። እዚያ ላይ ምንም ዓይነት ቀለም አይቆምም፤ መፋቅና መታጠብ አለበት።

ቀጥሎ መጋረጃውን ዝጉና ባትሪውን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ወደ ጎን አብሩ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጉድጓዱ፣ እብጠቱ፣ የድሮ ሮለር መስመሩ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ያያችሁትን ሁሉ በእርሳስ ክበቡት። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር አታድርጉት፤ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ይወጣል።

ሦስተኛው የመያዝ ፈተና ነው። አሮጌው ቀለም ላይ በምላጭ የመስቀል ቅርጽ ቁረጡ። ቴፕ ለጥፋችሁ በጣት አሹትና በአንዴ ንቀሉት። ቀለም ተከትሎት ከመጣ የያዘው ላይ ላዩን ነው። መፋቅ ይኖርባችኋል።

አራተኛው እርጥበት ነው፤ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርጉና አራቱንም ጎን በቴፕ አሽጉ። ለ24 ሰዓት ተዉት። ከውስጥ በኩል ጠል ካያችሁ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ቧንቧም ይሁን ጣራ ወይም መሬት፣ ምንጩ ሳይዘጋ መቀባት የለበትም።

እኛም ከጥፋታችን ነው የተማርነው። አንድ ጊዜ ባለቤቱ ስለቸኮሉ፣ እኛም እምቢ ማለት ስላቃተን፣ ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ሳይደርቅ ቀባን። ሲያልቅ ያማረ ሥራ ነበር። አራት ወር ሳይሞላው ግን ግድግዳው እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ወንድሜ አንዱን እብጠት በጥፍሩ ሲነካው ውሃው ክንዱ ላይ ፈሰሰ። ያን ግድግዳ በራሳችን ወጪ እስከ ልስኑ ፍቀን እንደገና ሠራነው። ከዚያ ወዲህ የላስቲኩን ፈተና ሳናደርግ የሥራ ቀን አንቆርጥም።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ። ትኩስ ሲሚንቶ ውሃ ብቻ ሳይሆን ቀለም የሚበላ አልካሊም አለው። ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ካወጣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። በውሃ ካጠባችሁት ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

2. ለክታችሁ ግዙ

በግምት አትግዙ። መሐል ላይ ቀለም አልቆ ሌላ ቆርቆሮ ቢመጣ፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ መልኩ ትንሽ ሊለይ ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 4 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.8 ሜትር ቢሆን 15 ሲባዛ በ2.8፣ 42 ካሬ ሜትር ይሆናል። በርና መስኮቱ ወደ 4 ካሬ ቢወስዱ 38 ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በ10 አስሉት። ለአንድ እጅ (ሙሉውን ግድግዳ አንድ ጊዜ ለመቀባት) 3.8 ሊትር፣ ለሁለት እጅ 7.6 ሊትር ማለት ነው። አሥር በመቶ ጨምሩበት፤ 8.4 ሊትር ገደማ። ሻካራ ግድግዳ ከዚህ የበለጠ ይጠጣል።

ሁሉንም ቆርቆሮ በአንድ ትልቅ ባልዲ ገልብጣችሁ አማስሉት። የመልክ ልዩነት ቢኖር እዚያው ይቀላቀላል፤ ግድግዳው መሐል ላይ አይታይም።

3. ክፍሉን አራቁቱ

የሚወጣው ይውጣ፤ የማይወጣው መሐል ላይ ተሰብስቦ ይሸፈን። ወለሉ ላይ ሸራ አንጥፉ። ላስቲክ ብቻ ከሆነ ያንሸራትታል፤ ጠርዝ ጠርዙን በቴፕ ያዙት።

የማብሪያ ማጥፊያና የሶኬት ክዳኖችን ፍቱ። ዙሪያቸውን በብሩሽ ከመከተል ይህ ይፈጥናል፤ ውጤቱም ንጹሕ ነው። እህቴ ብሎኖቹን በየክዳናቸው ጀርባ በቴፕ ትለጥፋቸዋለች። ስንመልስ አንዱም አይጠፋም።

ማስጠንቀቂያ፦ ክዳን ከመፍታታችሁ በፊት የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ሶኬቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ክዳኑ ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ፣ በተለይ በውሃ ስታጥቡ፣ ብሬከሩ አይመለስ።

4. ፋቁ፣ እጠቡ፣ አድርቁ

የተላጠውንና ያበጠውን በስፓቱላ ፋቁ። እስከ መቼ? እምቢ እስኪላችሁ። ስፓቱላው ገፍቶ የማያስነሳው ቀለም ጥሩ ይዟል፤ እሱን ተዉት።

ከዚያ በሳሙና ውሃ ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው ውሃ በደረቁ ግድግዳ ላይ ወርዶ መስመር ይሠራል። የማብሪያው አካባቢ፣ የበሩ ዳርና ከአልጋ ራስ በላይ ያለው ቦታ የእጅና የፀጉር ቅባት አለበት፤ ደገም አድርጉት። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙናም ቀለም አያስይዝም።

ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጡ። ቀብታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ እሹት፣ አለቅልቁት። ሻጋታ ሳይሞት ከተቀባ በአዲሱ ቀለም ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል።

አሮጌው ቀለም የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ከሆነ ብርሃኑ እስኪጠፋ በ150 ብርጭቆ ወረቀት እሹት። ለመለየት ጥጥ አልኮል አስነክራችሁ እሹ። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከመጣ በውሃ የሚሠራው ነው። ካልመጣ ዘይት ነው። በዘይት ቀለም ላይ እንዲሁ የተቀባ የውሃ ቀለም በጥፍር ተይዞ እንደ ላስቲክ ይገፈፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአሞኒያ ወይም አሲድነት ካለው ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በድሮ ቤቶች ያሉ የታች ቀለሞች ሊድ ሊኖርባቸው ይችላል። ከተጠራጠራችሁ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ በማሽንም አትፋቁ፣ በእሳትም አታቃጥሉ። እየረጠበ በእጅ ይሠራ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች ሥራው አልቆ እስኪጸዳ ከቤት ይራቁ። ብዙ የሚፋቅ ከሆነ አስመርምራችሁ ለባለሙያ ስጡት።

5. ስቱኮ ሙሉ

ስንጥቅ ሲታይ ብዙ ሰው ላዩን ስቱኮ ይቀባበታል። በሁለት ወር ውስጥ ያው ስንጥቅ በያው ቦታ ይመለሳል። ስንጥቁን መጀመሪያ በስፓቱላው ጫፍ ጫር አድርጋችሁ አስፉት። አቧራውን በብሩሽ አውጡ፤ በእርጥብ ብሩሽም አንዴ ንኩት። ደረቅ ልስን የስቱኮውን ውሃ ወዲያው መጥጦ ያሰነጥቀዋል።

ከዚያ በጠባቡ ስፓቱላ ወደ ውስጥ ጫን እያደረጋችሁ ሙሉ። በሰፊው ስፓቱላ ላዩን ጥረጉ። ጥልቅ ጉድጓድ በአንዴ አይሞላም። ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙት፤ ሌላ ከመደረቡ በፊት እያንዳንዱ ይድረቅ። ወፍራም ስቱኮ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ሲደርቅ ይሰምጣል።

ከመጠን በላይ ሰፍቶ የሚመለስ ወይም በሰያፍ የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ካለ የቀለም ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ግንባታ የሚያውቅ ሰው ይየው።

6. አለስልሱ

ስቱኮው በደንብ ሲደርቅ በ150 ቁጥር እያዞራችሁ አለስልሱት። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ብቻ አትያዙት፤ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። ጣት በሚጫንበት ቦታ ጉድጓድ ይሠራል። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድንበሩን በመዳፍ ዳስሱት። እጅ ዓይን የማያየውን ያገኛል። ስቱኮው የሚያበቃበትና ግድግዳው የሚጀምርበት ቦታ ካልተለየ አልቋል። ባትሪውን እንደገና አብሩበት።

ማስክ አትርሱ። በመጨረሻ ግድግዳውን በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ወለሉንም ጥረጉ። ያልተጠረገ አቧራ ሮለሩ ላይ ይጠቀለላል።

7. የመያዣ እጅ

ስቱኮ የተሞላበት ቦታና አሮጌ ቀለም ያለበት ቦታ እኩል አይጠጡም። እንዲሁ ከቀባችሁት እያንዳንዱ ጥገና እንደ ጥላ ይታያል። ፕራይመር ይህን ያስተካክላል። መልኩ አንድ ወጥና ነጣ ያለ ስለሆነ ያለፋችሁትንም ጉድጓድ ያጋልጣል። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ባትሪውን ለሦስተኛ ጊዜ አብሩ፤ የተረፈውን ጠግኑ፣ የጠገናችሁት ላይ ፕራይመር ድገሙ።

የውሃ ጠብታ እድፍ፣ ጭስ ወይም ቅባት ያለበትን ቦታ በእድፍ አጋጅ ፕራይመር ቅቡት። በውሃ የሚሠራ ተራ ቀለም እድፉን ያሟሟውና ይዞት ይወጣል። አምስት እጅ ብትደርቡ ቡናማው ክብ ተመልሶ ይመጣል።

8. ኮርኒሱ ይቅደም

ቅደም ተከተሉ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ በመጨረሻ ዘኮሎ (ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚዞረው ጠርዝ) ነው። ቀለም ወደ ታች ስለሚንጠባጠብ ከላይ የጀመረ ያበላሸውን እየሸፈነ ይወርዳል።

መሰላሉ የሚደገፍ ዓይነት ከሆነ ለየ4 ሜትር ቁመት እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከመሰላል ላይ ተንጠራርታችሁ አትቀቡ። ወርዳችሁ አንቀሳቅሱት።

9. አንደኛ እጅ፦ አንዱ ጠርዝ፣ አንዱ ሮለር

እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ መሆናችን የሚጠቅመን። እህቴ ጠርዝ ታወጣለች፣ ወንድሜ ሮለር ይዞ ይከተላታል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁልጊዜ ሁለት ሜትር አይሞላም። ይህ የሚሆነው ለጨዋታ አይደለም። ጠርዙ ደርቆ ሮለሩ በኋላ ከደረሰ ቀለም በቀለም ላይ ይደረብና ኮርኒሱ ሥር ክፈፍ የመሰለ መስመር ይቀራል። ሁለቱም እርጥብ ሆነው ሲገናኙ ግን አንድ ይሆናሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ አንድ ግድግዳ ጠርዝ አውጡ፣ ያንኑ ግድግዳ ወዲያው በሮለር ጨርሱ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ለጠርዝ ብሩሹን አንድ ሦስተኛ ብቻ ንከሩት። የባልዲውን ጎን ግራና ቀኝ መታ መታ አድርጉበት። መጀመሪያ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አሳርፉ፤ ቀጥላችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ መስመሩ ግፉት። ትንፋሽ ያዝ አድርጎ በአንድ ረጅም ምት መሳብ በአጭር በአጭሩ ከመነካካት ይሻላል። ስፋቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ሮለሩን ትሪው ላይ አገላብጣችሁ እኩል አጠጡት። ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር ያህል ስፋት በዚግዛግ አሳርፉ፣ ሳታነሱ ሙሉት፣ በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች ቀለል ባለ እጅ በአንድ አቅጣጫ ጨርሱት። ሮለሩ "ቸር ቸር" ማለት ሲጀምር ደርቋል፤ ጨምሩበት እንጂ አትጫኑት። ከተጫናችሁት ዳር ዳሩ ላይ ወፍራም መስመር ያወጣል።

ግድግዳ ጀምራችሁ መሐል ላይ አታቁሙ። ስልክም ይጠራ፣ ሰውም ይምጣ፣ ማዕዘን ድረስ ጨርሱት።

የውሃውን መጠን ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ። ብዙ ውሃ የጨመሩበት ቀለም ለዓይን ይበረክታል፤ ግን ሽፋኑ ይሳሳል፣ ሲታጠብም ይለቃል።

10. ሁለተኛ እጅ

የውሃ ቀለም በአንድ ሰዓት ገደማ ለእጅ ይደርቃል። ለመደረብ ግን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል፤ እርጥበት ባለበት አየር ከዚያም በላይ። ሳይደርቅ ከደረባችሁ ሮለሩ የታችኛውን ይዞት ይነሳል። በመሐል የደረቀ ጠብታ ወይም ፀጉር ካገኛችሁ በ220 ቁጥር ቀስ ብላችሁ አንሱትና ጥረጉት።

ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ወፍራሙ ይወርዳል፣ ይጨማደዳል፣ ውስጡም ቶሎ አይደርቅም። ቀይ፣ ቢጫና ሌሎች ደማቅ ቀለሞች ሦስተኛ እጅ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህን ከመለካታችሁ በፊት አስቡበት።

11. ቴፕ፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ

ቀለም እንዳይነካ የለጠፋችሁትን ቴፕ የመጨረሻው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ወደ ራሱ አጥፋችሁ በሰያፍ ሳቡት። ደርቆ ከሆነ ግን መስመሩን በምላጭ ቁረጡለት፤ አለዚያ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይመጣል።

የውሃ ቀለም ብሩሽ ወዲያው በሳሙና ውሃ ይታጠብ፤ ፀጉሩ ተስተካክሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ይድረቅ። አባቴ ከእኛ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ብሩሽ አለው። ሚስጥሩ ማታ ማታ ሳይታጠብ አድሮ አለማወቁ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሩን ወይም ዘኮሎውን በዘይት ቀለም ከቀባችሁ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ውጪ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ክደኑት። የተረፈ ቀለምና አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ወደ ፍሳሽ መስመር አይደፋ።

12. ማስታወሻ ተዉ

አንድ ትንሽ ጠርሙስ ቀለም እስከ አፉ ሞልታችሁ ዝጉ። አየር ካልገባበት ይቆያል። ከዚያ ቴፕ ላይ የቀለሙን ስምና ቁጥር፣ የእጁን ብዛትና ቀኑን ጽፋችሁ በማብሪያው ክዳን ጀርባ ለጥፉት። ወረቀት ይጠፋል፤ ቆርቆሮም ይጣላል። ክዳኑ ግን ከግድግዳው ጋር ይኖራል።

ስንጠራ ደጋግመን የምናገኛቸው ስህተቶች

- ቀለሙን በትንሽ ወረቀት ናሙና ብቻ መምረጥ። ግማሽ ሜትር ካሬ ግድግዳው ላይ ቀቡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመብራት እዩት። ማታ ሌላ ቀለም ይሆንባችኋል።
- ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ማሞቂያ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ፊት ለፊት ማስጠጋት። ላዩ ይያዝና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሰነጠቃል። መስኮት መክፈት ይበቃል።
- ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እያለ መቀባት። የውሃ ቀለም በቅዝቃዜ በደንብ አይያያዝም።
- ግማሽ የደረቀ ቦታ ላይ ተመልሶ "ትንሽ ማስተካከል"። ያያችሁት ጉድለት እንዳለ ይድረቅ፤ በሁለተኛው እጅ ይሸፈናል።
- በሳምንቱ ግድግዳ ማጠብ። ቀለሙ ለእጅ ቢደርቅም ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። እስከዚያ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

ከወራት በኋላ ወንበር ግድግዳውን ቢጭረው ሙሉ ግድግዳ አትቀቡ። የማብሪያውን ክዳን ከመፍታታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉና ቁጥሩን ከጀርባው አንብቡ። ጠርሙሱን አማስሉት። ጭረቱን በስቱኮ ሙሉ፣ አለስልሱ፣ ፕራይመር ንኩት። ከዚያ በብሩሽ ሳይሆን በትንሽ ሮለር፣ ቀለም ቀነስ አድርጋችሁ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያሳሳችሁ ውጡ። ብሩሽ ከተጠቀማችሁ ገጹ ከአካባቢው ስለሚለይ፣ መልኩ አንድ ሆኖ እንኳ ጥገናው ከሩቅ ይታያል።